ያልተከፈተ ሞተር

ባለቤቴ ስለ መኪናው ለሰው ሲያወራ ከሁሉም የሚያስቀድመው አንድ ነገር ነው፦ «ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም።» መኪናዋ ከመጨረሻ ልጃችን ትበልጣለች። ከሆለታ መስመር ባሕር ዛፍ ጭና አጠና ተራ ስታራግፍ ኖራለች፤ ጋቢናዋ ሁለቴ ቀለም ተቀብቷል፣ ጎኗ በተለያየ ጊዜ ተበይዷል። ሞተሯ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ሾፌሮች ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዴ የተከፈተ ሞተር ደግሞ መከፈቱ አይቀርም ይላሉ። ማስረጃው ምን እንደሆነ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም፤ ቢሆንም ከባለቤቴ ጋር ብዙ ስኖር እኔም ማመን ጀመርኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መኪናዋ ዘይት ማፍሰስ ጀመረች። በፊትም ጠብ ታደርግ ነበር፤ አሁን ግን ከሥሯ ያነጠፍነው ካርቶን ሲነጋ ይርሳል። ባለቤቴ ፊቱን ሳይታጠብ ሄዶ ይንበረከክና ካርቶኑን ያያል። ቤት ውስጥ በሽተኛ ያለ ይመስል ነበር።

የሰፈራችን መካኒክ ሽማግሌ ናቸው፤ ባለቤቴን መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ጀምሮ ያውቁታል፤ ሁለታችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጡ፣ ከላይ አዩ፣ ከሥር ገብተው አዩ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ።

«የኋላው ጎሚኒ ይመስለኛል» አሉ። ጎሚኒ የሚሉት የሞተሩ ዋና ዘንግ በሚወጣበት በኩል ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት ነው። «ካምቢዮ ይወርዳል። እሱ ከወረደ ደግሞ ሞተሩንም አውርደን ከፍተን እንየው። የማይረጥብ ቦታ የለውም።»

«ሞተሩን መክፈት የግድ ነው ጋሼ?»

«የግድ አይደለም። ዘይት እየጨመርክ መንዳት ትችላለህ። ሞተሩ ደርቆ እስኪነክስ ድረስ።»

ጋሼ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ «እኔው ራሴ እሠራዋለሁ» አለ። «ከላይ ጀምሬ ዙሪያዋን በሲሊኮን እለስናታለሁ።»

«ግድግዳ መሰለችህ?»

«እና ላውርደው?»

ማውረዱንም መለሰኑንም አልወደድኩትም። ከየት እንደሚያፈስ ገና አላወቅንም፤ ሳናውቅ ማን ይሥራው ብሎ መከራከር ለእኔ ትርጉም የለውም። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ሴት ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ እኔ በማታው ክፍለ ጊዜ አራተኛ ነበርኩ። አሁን ቤቴል አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ዘግይቶ ማንበብ የቻለ ሰው የተጻፈ ነገር አያልፍም፤ የመድኃኒት ወረቀት እንኳ እስከ ታች ካላነበብኩ ክኒኑን አልውጥም። የመኪናዋ መመሪያ ጋቢና ውስጥ ዘይት ጠጥቶ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ ነው። አወጣሁትና መዝገበ ቃላቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

«ደግሞ ለፈተና ልትቀመጪ ነው?» አለኝ ባለቤቴ።

«እንዳልወድቅ ጸልይልኝ።»

የገባኝ ይህ ነው፦ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናዋ ስትሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከኋላ የሚንጠባጠብ ሁሉ የኋላ አይደለም። መጀመሪያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚረጥበው ቦታ ነው የሚፈለገው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋቢናዋን ወደፊት አጋድመን ሞተሩን በናፍጣና በሳሙና አጠብነው። ሲደርቅ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። ባለቤቴ አስነሳት፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ቆምኩ። ፓውደሩ አንድ ቦታ ይጠቁራል ብዬ ጠብቄ ነበር። አምስት ቦታ ጠቆረ።

«ጋሼ ያሉት ይሄንን ነው» አለ ባለቤቴ፤ ድምፁ ወርዷል።

«ይሄ ሁሉ ላስቲክና ጋስኬት በአንድ ወር አረጀ?»

«እርጅና እንዲህ ነው። ወገቤንና ጉልበቴን አታዪም?»

«ወገብህ ከጉልበትህ ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው ያመመህ።»

ቀልዱ ውስጥ ያለው ነገር ግን አልለቀቀኝም። አብረው የተሠሩ ነገሮች አብረው አያልቁም፤ በአንድ ሰሞን ከተበላሹ የሚያበላሻቸው ሌላ ነገር አለ። ደግሜ ስመለከት የዘይት መለኪያው ዘንግ ከጉድጓዱ አንድ ጣት ያህል ወጥቷል። ወደ ውስጥ ገፋሁት። ትንሽ ቆይቶ ወጣ። ደግሜ ገፋሁት፤ ደግሞ ወጣ። ከውስጥ የሚገፋው ነገር ነበር።

ወደ መመሪያው ተመለስኩ። ሞተር መተንፈሻ አለው፤ ከላይኛው ክዳን ተነስቶ ወደ መሬት የሚወርድ የጎማ ቱቦ ነው። የውስጡ ጭስ በዚያ ካልወጣ በየስፌቱ ዘይት እየገፋ ይወጣል።

«መተንፈሻው የት ነው?» አልኩት።

ባለቤቴ ማጅራቱን አከከ። «እሱ ደህና ነው።»

«የት ነው አልኩ እንጂ ደህና ነው ወይ አላልኩም።»

ጎንበስ ብሎ አሳየኝ። ቱቦው አፉ ላይ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ታስሮበታል። ጠርሙሱ በጥቁር ዘይት ግማሽ ሞልቶ እንደ ፊኛ ተነፍቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ።»

እኔ ነበርኩ። ሐምሌ ላይ ለልጃችን ምርቃት ግቢውን ሲሚንቶ ስናስለስን፣ ያቺ ጠብታ እንግዳ ፊት ታሳፍረናለች ብዬ ለሳምንት ነዝንዤዋለሁ። እሱ ሳይነግረኝ ሄዶ ከዚሁ ቱቦ የምትወርደው ጠብታ ወደ ጠርሙስ እንድትገባ አድርጎ አስሮልኛል። ላላ አድርጎ ቢያስረው ምንም ባልሆነ። ግን ዕድሜውን አጠና ሲያስር የኖረ ሰው ላላ አድርጎ ማሰር አይችልበትም፤ በካላማዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ በተቀደደ ቁራጭ፣ ሰባት ዙር ጠምጥሞታል። ከጎማው ሥር ትንፋሽ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንግዳው እስኪሄድ ነበር። ከዚያ ረሳሁት።»

ሲፈታው ጠርሙሱ በረጅሙ ተነፈሰ። እንደገና አጠብን፣ እንደገና ነሰነስን፣ አስነሳናት። የዘይት መለኪያው ከቦታው አልተነሳም። ከአምስቱ ሦስቱ ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። የላይኛውን ክዳን ከሞተሩ ጋር የሚያሽገው ጋስኬት ግን ተገፍቶ ወጥቷል፤ ኋላ በኩልም ቀጭን እርጥበት አለ።

አሁን ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ ቦታውን አገኘ። ባለቤቴ ሞቅ ብሎታል፤ ሁሉንም እኔ አለ።

«የላይኛውን እኛ እንሠራለን» አልኩት። «እጅ ይደርስበታል፣ ብንሳሳትም ደግመን እናነሳዋለን። የኋላው የጋሼ ነው። እሱም ካልደረቀ።»

«ክዳን ማንሳት ሞተር መክፈት ነው እንዴ?» ሲል ፊቱ ተቀየረ። አይደለም ስለው ከእኔ ሊቀበል አልፈለገም፤ ለጋሼ ደወለ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«የድስት ክዳን ስታነሳ ወጥ ሠራህ ይባላል?» አሉ ጋሼ። የጠርሙሱን ነገር ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሚስትህን ላካት፣ ጋራዥ እቀጥራታለሁ። አንተን ግን መኪና እንዳታስጠጋ ንገራት።»

እሑድ ከቸርች መልስ ሠራነው። አሮጌውን ጋስኬት ፍቆ ማንሳት ብቻ የከሰዓቱን ግማሽ ፈጀ፤ የቀረች ካለች ብዬ በጥፍሬ ዳሰስኩት፣ ነበረች። ሲሊኮኑን ከእጁ ነጥቄ ኪሴ ከተትኩት፤ ትርፉ ተቆርጦ ውስጥ ይገባል ይላል መጽሐፉ። ገዝተን ያመጣነውን አዲሱን ጋስኬት አስቀመጥን፤ ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በተራ ነው የሚጠብቁት። እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ እሱ ያጠብቃል።

«አራት።»

«አራት ጠበቀ።»

«አምስትን ነው የያዝከው።»

«ከድሮም ጀምሮ አራት ይሄ ነው።»

መጽሐፉን አሳየሁት። አላየሁም ብሎ ወደ አራት ዞረ። ሃያ ምናምን ዓመት በትዳር ኖረን፣ አንድ ሥራ ላይ እንዲያ ጎን ለጎን ስንቆም የመጀመሪያችን ይመስለኛል።

ሆለታ ደርሶ ሲመለስ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን መለኪያውን መዘዝን። ጠረግኩት፣ መልሼ ከተትኩት፣ አወጣሁት። ዘይቱ ጠዋት የነበረበት ጭረት ላይ ነው። ባለቤቴ አላመነም፤ እሱም ጠርጎ ደገመው።

የኋላው ግን ሙሉ በሙሉ አልደረቀም። ሁለት ሳምንት ቆይተን ጋሼን ጠራናቸው። ካርቶን ላይ በጀርባቸው ተኝተው ብዙ አዩ። ባለቤቴ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ፣ ሐኪም በር ላይ እንደቆመ አባት ይጠብቃል።

«ላብ ናት» አሉ ከሥር ሆነው። «ካልጠነከረች አትነካም።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? ሳትፈታ ትሂድ?»

«ልጄ፣ እኔም በዚህ ዕድሜ እዚህም እዚያም ያልበኛል። ሐኪሙ ክፈቱት አላለም።»

እጃቸውን ዘረጉና ባለቤቴ ጎትቶ አስነሳቸው።