ሲስተር ራሙን ሲለኩ

አማቴን ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝም እኔም «እማማ» ማለቱ አልሆነልኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የዓይኑን ነጭ፣ ቀጥለው ጥፍሩን፣ በመጨረሻ ነው ፊቱን የሚያዩት። እኔን ሲያዩ ግን በቀጥታ ወደ ሆዴ ነው የሚሄዱት። ሰላም ከማለታቸው በፊት «ደግሞ ጨመርክ» ይሉኛል።

እኔ ኮምፒውተር እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁ። ሱቄ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። ስለ ሥራዬ ሰው ሲያስተምረኝ አልወድም፤ ሳልጠየቅ ማስተማር ግን ነፍሴ ነው። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ለማስረዳት ብዙ ቃል አታባክንም። «እሱ እኮ ያውቃል» ትላለች፤ አነጋገሯን የሰማ ምስጋና እንዳልሆነ ይገባዋል።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ልትሠራበት ነው?» ብዬ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍና ቪዲዮ ለሚያቀናብር አንድ ዓይነት ማሽን አልሸጥም፤ በዚህ እኮራለሁ። ይህን ጥያቄ ሳልጠይቀው ያለፍኩት ሰው ቢኖር አማቴን ነው።

ሲስተር ጡረታ በወጡ በዓመቱ የተበላሹ ፎቶዎችን ማደስ ጀመሩ። የጀመሩት የነርስነት ትምህርት ሲጨርሱ ከጓደኞቻቸው ጋር በተነሱት፣ ግማሹ ቢጫ በሆነ ፎቶ ነው። ማንም አላስተማራቸውም። ቪዲዮ እያዩ፣ በየደቂቃው እያቆሙ፣ ደብተር ላይ እየጻፉ ራሳቸው ተማሩት። ዓመት ሳይሞላ የጎረቤቱ የተቀደደ ሰርግ፣ የተጣጠፈ ልደት፣ ሻጋታ የበላው አያት ሁሉ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተከመረ። እኔ ግን እንደ ሹራብ ሥራ ነበር የማየው። «አንድ ኮምፒውተር አታመጣልኝም?» ሲሉኝ ሱቅ ውስጥ ካሉት እቃዎች አንድ ዴስክቶፕ ገጣጠምኩና ስምንት ጊጋ ራም አድርጌ ሰጠኋቸው።

«ይበቃል?» አሉኝ።

«ተርፎ ይፈስሳል» አልኳቸው። አንዲት ጡረተኛ ከዚህ በላይ ምን ታደርግበታለች ብዬ ነው፤ ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።

ራም ለማያውቅ ሰው የልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ነው እላለሁ። ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ይዘረጋል። ጨርቁ ከጠረጴዛው ከበለጠ ግማሹን አጥፎ ወለል ላይ ማስቀመጥ፣ እንደገና ማንሳት፣ እንደገና መጣል ይሆናል ሥራው። ያኔ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ ሲብስበትም ድርቅ ይላል።

ይህን ምሳሌ የተማርኩት ደግሞ ከልብስ ሰፊ ነው፤ ከሲስተር ጎረቤት ከጋሼ መቀስ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ መቀስ መያዝ ካቆሙ ቢቆዩም ስሙ ከእሳቸው አልወረደም። ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። የቀረቻቸው ፎቶ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሚስትዮዋ በወጣትነታቸው የተነሱት፣ መዳፍ የምታህል። አንድ ቀን ከላይ ቤት የውሃ ቧንቧ ፈነዳና ውሃው በግድግዳው ወርዶ ፍሬሙ ውስጥ ገባ። ፎቶዋ ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀች፤ የፊታቸውን ግማሽ እድፍ ዋጠው።

የጋሼ መቀስ ዓይን ደግሞ እየሄደ ነው። የሚያዩት ነገር መሃሉ ይጠፋባቸዋል፤ የሚታያቸው ዳር ዳሩ ነው። እርስዎን ለማየት ትከሻዎን ነው የሚያዩት። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይብሳል፣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም ብሏቸዋል። ፍሬሟን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሲስተር፣ ይሄ ዓይን ጨርሶ ሳይሄድ አንዴ ልያት» አሉ።

ሲስተር ፎቶዋን ከመስታወቱ ለማላቀቅ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀባቸው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክረው ውሃውን በየሰዓቱ ይቀይራሉ። እኔ ጥግ ጥጉን በምላጭ ላንሳው ብል እጄን በጥፊ አሉኝ። «የደረቀ ፋሻ በግድ አይላጥም» አሉ። አመሻሹ ላይ ፎቶዋ በራሷ ጊዜ ለቀቀች። ደርቃ ስካነር ላይ ስትገባ ነው እኛ የተጣላነው። በትከሻቸው አሻግሬ ሳይ የጥራቱን መጠን በአንድ ኢንች ሁለት ሺህ አራት መቶ ነጥብ ላይ አድርገውታል።

«ሲስተር፣ ይህቺ መዳፍ የምታህል ፎቶ ናት። ስንት በስንት ሊታተም ነው?»

«አይታተምም።»

«ካልታተመማ ስድስት መቶ ራሱ ይበዛል። እርስዎ ደግሞ በፎቶው ላይ ስስ ገጽ እየጣሉ በሌየር ላይ ሌየር ነው የሚደራርቡት። በዚህ ዓይነት አንዱ ሌየር ብቻ ከግማሽ ጊጋ በላይ ሊይዝ ነው።»

«እና?»

«እና ማሽኑ ያቃስታል።»

«ካቃሰተ እናየዋለን» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

አቃሰተ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሥራውን ሴቭ ሲያደርጉ መሃል ላይ ድርቅ አለ፤ ተነስቶም ፋይሉ አልከፈት አለ። «ና እስቲ» ብለው ደወሉልኝ። የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ የማላውቀውንም ሞከርኩ። አንድ በአንድ የሠሩት ቅንድብ፣ ከእድፉ ስር ያወጡት የፀጉር መስመር፣ የአሥራ አንድ ቀን ልፋት እንዳልነበረ ሆነ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስተው እጃቸውን ታጠቡና ተመልሰው ቁጭ አሉ። «ይሄኛው አለፈ። እንደገና እንጀምራለን» አሉ፤ ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ የነበሩኝን አራት ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ ራሞች ጠራርጌ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱን አንዲት የቤት ንድፍ የምትሠራ ልጅ ቀድማ ጠይቃኝ ነበር፤ ሌላ እስኪመጣ ትጠብቅ ብዬ ነው።

«ስልሳ አራት ጊጋ አመጣሁልዎት። ከእንግዲህ ላብ እንኳ አያልበውም» አልኳቸው።

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። «ገምተህ ነው ለክተህ?»

«ሲስተር፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

«ገምተህ ነው ለክተህ አልኩህ።»

ራሞቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።

«ባለፈው ወደ ታች ገመትክ። አሁን ደግሞ ስላፈርክ ወደ ላይ ትገምታለህ» አሉ። «በሽተኛ አቃሰተ ብዬ መድኃኒት ደራርቤ አላውቅም። አራቱንም ግጠማቸውና ተዋቸው። ለክቼ የሚተርፈውን እመልስልሃለሁ።»

ገጠምኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ከስክሪኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አየሁትና ሳቄ መጣ፤ የበሽተኛ የሙቀት ቻርት ነው። ታች ሰዓቱ፣ ጎን ጊጋው፣ መሃሉ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ የሚወጣና የሚወርድ መስመር። ከስሩ በዚያ የነርስ ጽሑፋቸው፦ «ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ አራት ሌየር ጨመርኩ፤ አሥራ ሦስት ጊጋ። አምስት ሰዓት፤ ወደ ዓይኗ አጎላሁ፤ አልዘገየም። ስድስት ሰዓት፤ ምሳ።» ምሳ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከፍተኛው ሃያ ሰባት ጊጋ ነው።

«አዩ! ሃያ ሰባት ከደረሰ ሠላሳ ሁለት ሊጠብበት ነው። ስልሳ አራቱ ይቀመጥ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ሃያ ሰባቱን የያዘው ስለሚያስፈልገው ነው ስላገኘ?»

እውነታቸውን ነው፤ ያ ፕሮግራም ክፍት ቦታ ካየ የሚይዝ ዓይነት ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ለደንበኛ ነግሬ ግን አላውቅም። ሲስተር ፕሮግራሙ ከተወሰነ ራም በላይ እንዳይዝ ጣሪያ የሚበጅለትን ቦታ ራሳቸው ፈልገው አግኝተውታል። በቀጣዮቹ ቀናት ጣሪያውን እየቀነሱ፣ ያንኑ ሥራ እየሠሩ፣ እየጻፉ ቀጠሉ። ሃያ አራት ላይ ደህና። ሃያ ላይ ደህና። አሥራ ስምንት ላይ «ትንሽ አሰበ» ይላል። አሥራ ስድስት ላይ «ብሩሹ ከእጄ ኋላ ቀረ» ይላል፤ ከስሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

«ለፎቶው ሃያ» አሉ በእስክሪብቷቸው እየጠቆሙ። «ለማሽኑ ለራሱና ለስካነሩ አሥራ ሁለት። ሠላሳ ሁለት። ሁለቱን አውጣና ለልጅቷ ስጣት፣ ሥራ ፈታ ትጠብቅሃለች።» የልጅቷን ነገር ባለቤቴ ናት ያወራችባቸው፤ ከእኔ ቤት ምስጢር አይወጣም ማለት ሞኝነት ነው።

አሥራ አራት ዓመት ኮምፒውተር ሸጫለሁ። ፎቶ ለማስተካከል ስንት ራም ያስፈልጋል ብሎ የጠየቀኝን ሰው ቁጥር አላውቀውም፤ ለሁሉም መልስ ሰጥቻለሁ፣ ፈጥኜም ነው የሰጠሁት። ሳይፈጥን፣ ሳይኮራ፣ በአንዲት ወረቀት ከነምክንያቱ የመለሰልኝ ሰው ግን ከአማቴ በስተቀር አላየሁም። ወደድኳቸው። ድሮም እወዳቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ኮራሁባቸው።

ሁለተኛው ሥራ አምስት ሳምንት ፈጀ። በመሃሉ አንድ ጊዜ አላስችለኝ ብሎ ምክር ሰጠሁ። የፊቱ ቀኝ ጎን ደህና ነው፤ ገልብጠው ግራው ላይ ቢለጥፉት በአንድ ቀን ያልቃል አልኩ። ሲስተር ቀና ብለው አዩኝ። «የሰው ፊት ሁለት ጎኑ አንድ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አጥቤዋለሁ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በእድፉ ውስጥ የቀረችውን ጥላ እየፈለጉ፣ ያለውን እያጎሉ፣ የሌለውን ሳይጨምሩ ቀጠሉ። በየሳምንቱ ደግሞ ጋሼ መቀስ ዘንድ ገብተው በጥቁር ወረቀት የቆረጧቸውን ትልልቅ ፊደሎች ከፊታቸው እየያዙ «ይሄስ? ይሄስ?» ይሏቸዋል። የነርስ አመል ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ መቀስ መጡ። ኮታቸው ተተኩሷል፤ ባለቤቴ ክንዳቸውን ይዛለች። ሲስተር ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው አፍንጫቸው ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ አስቀመጧቸው። ሙሉው ፊት ስክሪኑ ላይ ነው፤ ለእኛ ወለል ብሎ ይታያል፤ ቆንጆ ሴት። ጋሼ መቀስ አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ፈለጉ፣ ፈለጉ።

«የለችም» አሉ ቀስ ብለው።

ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። ሲስተር ግን አልደነገጡም። «ቆይ ጋሼ፣ ገና ነው» አሉና ማውሱን አሽከረከሩ። ፊቱ ሰፋ፣ ግንባሩ ከስክሪኑ ወጣ፣ አገጩ ወጣ፣ ሁለት ዓይኖች ብቻ ቀሩና ስክሪኑን ሞሉት። አልደበዘዘም፤ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ለካ ያ ሁሉ ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ያ የጥቁር ፊደል ልኬትም ለዚህ ኖሯል። እኔ በምለው ስድስት መቶ ቢሆን ኖሮ እዚህ ሳይደርስ ካሬ ካሬ ሆኖ ይበታተን ነበር። ምን ልትሠራበት ነው ብዬ ስጠይቅ የኖርኩ ሰውዬ ማን ሊያየው ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ጋሼ መቀስ ትንፋሻቸውን ዋጡ። «ዓይኗ ነው» አሉ።

ሲስተር የጋሼን እጅ ወስደው ማውሱ ላይ አኖሩት። ጋሼ መቀስ ጨርቅ በመርፌ ስር እንደሚያሳልፍ ሰው ቀስ እያሉ ገፉት። ስክሪኑ ከእጃቸው ጋር እኩል ሄደ፤ አንዴም አልተንገራገጨ። በጉንጩ ወረዱ፣ ከንፈሩ ላይ ቆዩ፣ ኮሌታው ጋ ደረሱ። «ይሄን ኮሌታ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ግራው ጠሟል፤ አልነገረችኝም» አሉ። ከዚያ ተመልሰው ወደ ዓይኖቹ ወጡ። «ስታርፍ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ሁልጊዜ ያቺን ነው የማስባት። ይቺ ገና ልጅ ናት እኮ» አሉና እንባቸው ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

አመል ግን በእንባ አይለቅም። ዓይኔን እየጠረግሁ የስክሪኑን ጥግ አየሁ፤ የማጉሊያው ቁጥር ሃምሳ በመቶ ይላል፤ ከጥራቱ ግማሹ ገና አልተነካም። በውስጤ አሰላሁ። ወደ ሲስተር ጆሮ ጠጋ ብዬ «ለዚህማ ግማሹ ይበቃ ነበር። በሺህ ሁለት መቶ ቢያነሱት ኖሮ ራሙም አሥራ ስድስት ከበቂ በላይ…» አልኩ።

ሲስተር ዓይናቸውን ከጋሼ መቀስ አልነቀሉም።

«ይሄ ለዘንድሮ ዓይናቸው ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ለከርሞ ዓይናቸውስ?»

ጋሼ መቀስ አልሰሙንም፤ እንደገና ኮሌታው ጋ ወርደዋል።