በጽገረዳ ልክ የተሰፋ ከረጢት

ሽሻይ ከሲታ ነው። ቂርቆስ ሰፈራችን ውስጥ ነፋስ ሲነሳ ሌላዋ ሴት ከገመድ ላይ ልብስ ታነሳለች፣ ሲምረት ባሏን ታስገባለች እየተባለ ይቀለድበታል። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ይሠራል። አይጠጣ፣ አያጨስ፣ ኳስ አያይ። እንዲህ ያለ ወንድ ግቢ ውስጥ ሲኖር ለእኛ ለሐሜተኞች ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው።

እግዜር ግን አልጨከነብንም፤ ሽሻይ በየቅዳሜው ቢሾፍቱ መመላለስ ጀመረ።

"ሌላ አለችው፣ በቃ!" አለች አስቻለች፣ የግቢያችን ዜና ማሰራጫ።

ሲምረት ተከትላው ሄደች። እውነትም አለችው። ባቦጋያ ሐይቅ ላይ፣ ሁለት ቀጫጭን ታንኳዎች ጎን ለጎን ተጣምረው ሸራ የተወጠረባቸው ነጭ ጀልባ። ፈረንጁ አለቃው አገሩ ሲገባ የተወለት ናት። ሲምረት ልቧ መለስ ሊል ሲል ጀልባዋ ላይ ጽገረዳን አየቻት። ጽገረዳ የሽሻይ የሥራ ባልደረባ ናት፤ ደልደል ያለች፣ ሳቋ ከማዶ የሚሰማ።

"እሷ ምን ትሠራለች እዚህ?"

"ክብደት ናት" አለ ሽሻይ። "ማለቴ... ነፋስ ሲገለብጣት ጀልባዋ በጎኗ ትተኛለች። የታችኛው ታንኳ ላይ ቆመሽ፣ ገመድ ይዘሽ ወደ ኋላ ካልተንጋለልሽ አትነሳም። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ስንጠለጠል የተሰጣ ጨርቅ ነኝ። ሁለት ስንሆን ግን ብድግ ትላለች።"

"ጎን ለጎን ቆማችሁ?"

"ታዲያ እንዴት ይሆናል?"

"ልብሳችሁ ርሶ?"

ሐይቅ ገብቶ ደረቅ የሚወጣበት ዘዴ ገና አልተገኘም።

"ስማ" አለች ሲምረት፣ "ወይ ብቻህን ታነሳታለህ፣ ወይ ትሸጣታለህ።"

ሽሻይ ፊቱ አመድ መሰለ። "ደረሰኙስ የታለ?" የሚለው የቢሮ ሰው የሌለበት ቦታ እዚያች ጀልባ ላይ ብቻ ነው። "ብቻቸውን የሚወጡ ሰዎች ከረጢት ውሃ ሞልተው ጀርባቸው ላይ ያንጠለጥላሉ አሉ። እኔ ግን እሱን ከየት አመጣለሁ?"

ይሄን የሚለው ለማን መሰላችሁ? የታክሲ ወንበርና የጭነት መኪና ሸራ ሰፍታ ለምታድር ሚስቱ!

ልክ ሳይወሰድ ደግሞ አይሰፋም። ሲምረት በምሳ ሰዓት ካዛንቺስ ወረደችና ጽገረዳን ጎትታ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ጋሽ ገበያው ፊት አቆመቻት።

"ውጪ እስቲ እህቴ።"

"ለምን?"

"ለጤናሽ።"

ጽገረዳ ወጣች። ጋሽ ገበያው ቁጥሩን አይተው ኮፍያቸውን አነሱ። "ይሄ ሚዛን ገና ዛሬ ሥራ ሠራ" አሉ።

ሲምረት ያንኑ ኪሎ የሚይዝ ከረጢት ሰፋች፤ አንድ ግራም አላጎደለችም። መርፌው ሸራውን ሲወጋ የክብደቱን ባለቤት ጽገረዳን የሚወጋ ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ሁለቱም ሴቶች ሐይቁ ዳር ቆሙ። ጽገረዳን የጠራቻት ራሷ ሲምረት ናት፤ ስንብቱን በዓይኗ ትየዋ! ሽሻይ ብቻውን ወጣና ሆን ብሎ ጀልባዋን ገለበጣት። የሸራውን ገመድ ፈታ፣ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ እስኪዞር ጠበቀ፣ ማንሻውን ገመድ ይዞ ታችኛው ታንኳ ላይ ቆመ። ከረጢቱን ሞልቶ ጀርባው ላይ ሊያወጣ ሲል ከነከረጢቱ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ። ደገመ፤ ያው ነው። ሲሰልስ ከንፈሩ ጠቁሯል።

"ይሽጣታ" አለች ሲምረት። ድምጿ ግን የአሸናፊ አልነበረም።

ጽገረዳ አላስቻላትም። "ሽሻይ! ግማሹን አፍስሰው! እኔም እኮ ግማሼን ነበር የምለቅልህ!"

ሲምረት ከላይ እስከ ታች ለካቻት። ለግማሿ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ቅናት?

ሽሻይ ግማሹን አፈሰሰ፣ የቀረውን ጀርባው ላይ አወጣ። ወደ ኋላ ተንጋለለ። ሸራው ቀስ እያለ ከውሃው ተላቀቀ፣ ከዚያ በአንዴ ብድግ! ነፋስ ነድቷት ጥላው ሳትሄድ ሁለቱን ታንኳ የሚያገናኘውን ብረት ጨብጦ ወጣባት።

"ከእንግዲህ ብቻውን ነው" አለች ሲምረት።

"ብቻውን" አለች ጽገረዳ።

እጁን ያወዛውዛል ብለው ሁለቱም ጠበቁ። እያንዳንዷ ለኔ ነው ብላ አጸፋውን አዘጋጅታለች። እሱ ዞሮም አላየ። ሸራውን ሳብ አድርጎ ወደ መሃል ነጎደ፣ እያፏጨ። ሲምረት በትዳር ዘመኗ ሁሉ ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም።

"ከኔ ጋርም አፏጭቶ አያውቅም" አለች ጽገረዳ፣ ቅር እያላት።

ሲምረት በዚህ አልተጽናናችም። ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ዋና የማታውቀው ሴትዮ እስከ ጉልበቷ ሐይቁ ውስጥ ገባች።

"አንተ ሽሻይ! ና ጫነኝ ነው የምልህ!"