ሐሺሽ ይዘን የተቀመጥንበት በርጫ

ጫት ሲጠፋበት በሐሺሽ በርጫ ለመቀመጥ የሞከረ ሰው፣ ከእኔና ከአንድ ወዳጄ በቀር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ሳወራው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን በጣም ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር።

ነገሩ የሆነው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባለው የከተማችን ጎዳና ላይ ገና ባቡር ሳይዘረጋ ነው። እኔ ታክሲ እነዳ ነበር። የምንኖረው ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ሲሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሳሎኑ የእኛ የቃሚዎቹ ነበር። ደሴ ላደገ ሰው በርጫ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ላላደገ ልንገረው፤ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ በፔርሙስ ሻይ ይቀርባል፣ በዕድሜ የሚበልጠው ዱዓ አድርጎ ይከፍታል፣ ከዚያ ጫቱ እየተቃመ ወሬው ይሞቃል። እኛ ቤት ዱዓ የሚያደርጉት ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ሦስተኛው ያ ወዳጄ፣ እንደ እኔ ታክሲ የሚነዳ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሕግ አልተማረም፤ ስለ ሕግ ማውራት ግን ማንም አይቀድመውም።

ደርቆ፣ ሻይ ቅጠል ተብሎ በፖስታ ይመጣ የነበረው ጫት አንድ ቀን ቀረ። የምናውቀው ሰው ጥቅሉን ሊቀበል በሩን ሲከፍት ፖሊስ አብሮ ገባ። ለካስ አገራችን ገበያ ላይ እንደ ጎመን በእስር የሚሸጠው ቅጠል፣ እዚህ ከከባዶቹ ዕፆች ተርታ ተመዝግቧል። ሁለት ቅዳሜ ባዶ ፍራሽ ላይ ተፋጠን ዋልን። ሐራራው ጭንቅላቴን ስለያዘው ሚስቴ እንደምን ዋልክ ስትለኝ እንኳ የሰደበችኝ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ የአዲስ አበባው ልጅ መፍትሔ ይዞ መጣ።

«ስማኝ፤ ጫት ይዘህ ከተገኘህ ጄል ነው። ሐሺሽ ግን ትንሽ ከሆነች ቲኬት ብቻ ነው። ያለ ቦታህ ፓርክ እንዳደረግህ ቁጠረው። ቼክ አድርጌያለሁ።»

«ሐሺሽ የዱርዬ ነው» አልኩት።

«እሺ፣ ዱርዬ የሚያስብልህ የቱ ነው? ጄሉ ወይስ ቲኬቱ?»

በዕድሜዬ አንድ ሲጋራ አጭሼ የማላውቅ ሰው፣ በዚህ ክርክር ተረታሁ።

ፍራሹን አነጠፍን፤ ሻዩን ቀዳን። ሚስቴ አንድ ትሪ ሳምቡሳ ጠብሳ ልጆቹን ይዛ ክሪስታል የሚባል ሰፈር እህቷ ቤት ሄደች። አባባ ገብተው የተጠቀለለውን ነገር ሲያዩ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገርናቸው።

«ልጆቼ፣ እኔ በዚህ ላይ እጄን ለዱዓ አላነሳም» አሉ። አልወጡም ግን። ሻያቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ሊታዘቡን ቁጭ አሉ።

በጫት ጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ መንግሥት ቀይረን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦሌ ፎቅ ሠርተን፣ አስር ሰዓት ላይ አስመጪና ላኪ ከፍተን እንጨርስ ነበር። ምርቃና የወሬ አባት ነዋ! በሐሺሹ ግን ዝም አልን። እኔ ሳምቡሳውን አያለሁ፤ እሱ ፔርሙሱን ያያል። «ይሄ ፔርሙስ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ይሄኛው ትሪውን ሙልጭ አስደረገን። ከዚያ ተኛን። ስንነቃ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ አባባ ሻያቸውን ጨርሰው ጫማቸውን እያደረጉ ነበር።

«ወሬ ከሌለማ ምን ያስቀምጠናል?» ብለውን ወጡ።

አፍረን ተውነው ብል ደስ ባለኝ። አልተውነውም። ጫት ከነፍርሃቱ የቅዳሜ ብቻ ነበር። ሐሺሹ ግን «ቲኬት ብቻ ነው» እያልን ማክሰኞ ገባ፣ ሐሙስ ገባ፣ ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ገባ። አሁን የምንኖርበት ስቴት ሐሺሽን ሕጋዊ አድርጎ፣ ግማሹ ሰው «ሁሉም አጫሽ ሊሆን ነው»፣ ግማሹ «ምንም አይለወጥም» ሲል እሰማለሁ። እኔ የማውቀው የራሴን ሳሎን ነው። እዚያ ሳሎን ሕግ አንዱን ቅጠል አስጥሎ ሌላውን አስያዘን፤ ሱሰኝነታችን ግን ከፍራሹ አልተነሳም።

ያኔ፣ ሐሺሹን በለመድንበት መሀል፣ የከተማ አውቶቡስ ለመንዳት አመልክቼ ተጠራሁ። ይህ ለቤታችን ትልቅ ነገር ነበር፤ ኢንሹራንስ ያለው፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ከልጆቼ ጋር እራት የሚያበላኝ ሥራ። ቢሮ ያገኘችኝ ሴትዮ ሽንት ተመርምሮ የሚፈለጉትን ነገሮች የያዘ ወረቀት ሰጠችኝ። ሐሺሽ ከላይ ተጽፏል። የጓደኛዬን ክርክር አቀረብኩላት።

«ቲኬቱ የስቴቱ ነው» አለችኝ። «አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ ነው የሚታየው። ዛሬ ልትፈተን ትችላለህ፤ ካልሆነ ከሁለት ወር በኋላ ወደሚጀምረው የሥልጠና ክላስ ላዛውርህ።»

ሽንቴ እስኪጠራ ጊዜ እፈልግ ነበርና አዛውሪኝ አልኳት። ሚስቴ ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሥራ በጭስ ካጣኸው እኔ ራሴ ሄጄ ባሱን ድራይቭ አደርገዋለሁ!»

እንደምታደርገው አልተጠራጠርኩም።

ፈተናው ገና መምጣቱ ነበር። የአዲስ አበባው ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ ፊቱ በራ። «ጫት ሊስቱ ላይ የለም! ደርቆ የሚመጣውም እንደገና ጀምሯል። ምን ሪስክ አለው?» ምራቄን ዋጥኩ፤ እውነቴን ነው፣ አፌ ውስጥ ምሬቱ መጣብኝ። ወዲያው ደግሞ ንድድ አልኩ፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። የሁለት ልጆች አባት ሆኜ ወረቀት ላይ የሌለ ቅጠል ፍለጋ ዕድሜዬን ልጨርስ ነው እንዴ? «ሁለቱም ቀርተዋል» አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ቅዳሜ አባባ መጥተው ፍራሽ አንጥፍ አሉኝ። ሻይ ብቻ ነበር ያለው። በሻዩ ላይ እጃቸውን አንስተው ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ እኔን በስሜ፣ አውቶቡሱን በአውቶቡስነቱ ጠርተው ለመኑልኝ። የመጀመሪያው ሰዓት መከራ ነበር። ዱካኩ፣ ያ ሱስ ሲተው የሚመጣው ጭንቀት፣ አላስቀምጥ አለኝ፤ እጄን የማደርግበት አጣሁ። አስር ሰዓት ሲሆን የአዲስ አበባው ልጅ አንድ ነገር ተናገረ፤ አባባ ተቃወሙት፤ እኔ ገባሁበት፤ ሳናውቀው ተንጫጫን። ሚስቴ ከኩሽና ብቅ አለች።

«ምን ቅማችሁ ነው?» አለች።

«ሻይ!» አልናት በአንድ ድምፅ። የራሷን ብርጭቆ ይዛ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ክርክሩንም አሸነፈችን።

እንዲህ ስምንት ቅዳሜ አለፈ። ተመረመርኩ። የውጤቱ ስልክ የተደወለው ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ነው፤ «አልፈሃል፣ ሰኞ ክላስ ጀምር» ሲሉኝ ከታክሲው ወርጄ የማላውቀውን ሾፌር አቀፍኩት።

ሥልጠናውን ጨርሼ ብቻዬን የነዳሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በረዶ ነበር። አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ ተማሪ አለ፣ ነርስ አለ፣ ልጅ ያዘለች እናት አለች። ይህ ሁሉ ሕዝብ ቡናውን እየጠጣ፣ እያንቀላፋ ራሱን ለእኔ ሰጥቶኛል። ጭንቅላቴ ጥርት ብሏል። ሳላስበው «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ አሮጊት ደህና ነህ ወይ አሉኝ። የመጀመሪያ ቀኔ ነው አልኳቸው። አጨበጨቡ፤ ከኋላ ያሉትም ተቀበሏቸውና አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ። እነሱ ያጨበጨቡት ለአዲሱ ሾፌር ነው። እኔ ግን ያሸነፍኩትን ስለማውቅ፣ አንዱንም ጭብጨባ ሳላስቀር ሁሉንም ተቀበልኩ።