የሜትሮ ረጃጅም ውሾች

ሰፈርተኛው «ሜትሮ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነበር፤ የተሰፋ ልብስ በየሱቁ ሲትረፈረፍ መቀሱን ሰቅሎ ውሻ ማራባት ጀመረ፣ ሜትሩን ግን ከአንገቱ አላወረደም። የሚያራባው ዳክስሁንድ የሚባለውን ዘር ነው፤ እግሩ ከስንዝር የማይበልጥ፣ ወገቡ የማያልቅ። «የሜትሮ ውሻ አፍንጫው ሳሎን ገብቶ ሲያበቃ ጅራቱ ገና በር ያንኳኳል» እያለ ሰው ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። ግድግዳ ተጋርተን ስለምንኖር ግን የማያስቀውንም አውቃለሁ።

ቡችሎቹን በተወለዱ ማግስት ይለካቸዋል። አጠር ያለውን፣ ወይም እግሩ ረዘም ያለውን፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይደፍቀዋል። «ጨርቅም ሲቆረጥ ቁራጩ ይጣላል» ይላል፣ ፊቱ ቅጭም ሳይል። የእንስሳት ሐኪሟ «ጋሼ፣ ይህችን ረጅሟን ውሻ ከእንግዲህ አያስወልዷት፤ ጀርባዋ አይችልም» ብትለው፣ «አንቺ ሜትር አለሽ?» ብሎ መለሰላት።

ረጅሟ ለሦስተኛ ጊዜ ስታረግዝ ብልጥ ሆነች። ልጆቿ የት እንደሚገቡ ሁለት ጊዜ አይታለች። ምጥ ሲይዛት ከመስፊያ ክፍሉ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍራ ከሲሚንቶው ወለል ሥር ገባች፤ እዚያው ወለደች። በነጋታው መጮህ ጀመረች። ያቺ ትንሽ ፍጥረት ድምፅዋ የጎረምሳ ነው፤ እኔ ቤት ድረስ ሰሃን ያንቀጠቅጣል።

ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ቆፍረህ አውጣት እንጂ!» አለች።

ሜትሮ በርጩማውን ልክ ድምፁ ከሚመጣበት ወለል ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ማስተማር ከጀመረ ደግሞ አያባራም።

«ይኸውልሽ፣ ይህን ዘር ያወጡት የጀርመን አዳኞች ናቸው። እግሩን ያሳጠሩት ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያሳድድ ነው። ደረቱን ያሰፉት ደግሞ ከመሬት በታች ሲጮህ ከላይ እንዲሰማ፣ ጌታው ድምፁን ተከትሎ እንዲቆፍርለት ነው።»

«ታዲያ ሰማህ አይደል? ቆፍር!»

«መውጣት ካቃታት ወገቧ ሄዷል ማለት ነው። ወገቧ የሄደ ውሻ ምን ያደርግልኛል? ለእሷ ብዬ ወለሌን አላፈርስም።»

ሁለት ቀን ጮኸች። እኔ ሬዲዮኔን ከፍ አደረግሁ፤ የሰው ቤት ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ፤ ሜትሮም በርጩማውን ትቶ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። ሚስቱ ወዲያው ዶማ ይዛ በሬን ደበደበች። «ነይ፣ አግዢኝ» አለችኝ።

ወለሉን ሰበርን። ረጅሟ ሞታለች። የኋላ እግሮቿ ከድተዋት ኖሮ በፊት እግሮቿ ብቻ እየተጎተተች ልጆቿን ደረቷ ሥር ሰብስባለች። አንዱ ብቻ ይተነፍሳል። ሚስቱ እያለቀሰች ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

ሜትሮ ሲመለስ የፈረሰውን ወለል እንኳ አላየም። «አምጪው» አለ። ለካው፤ ደግሞ ለካው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ደስታ ነበር። እንዲህ ያለ ርዝመት በእጁ ገብቶ አያውቅም። እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና ቡችላ ለሚገዛው ደንበኛ ደወለ።

«እናቱ?» አለ የተጠየቀውን ደግሞ፣ ቡችላውን ብርሃን ላይ ለማየት ረጅሟን ተራምዶ ወደ መስኮቱ እየሄደ። «እናቱማ ደህና ናት። ወገቧ ብረት ነው።»

ሚስቱ መሬት ተቀምጣ ከረጅሟ አፍ አፈር እየጠረገች ነበር።