ማንንም የማይመስለው ስዕል

ኪዩቢዝም የሚባለውን የአሳሳል ስልት ለብዙ ተማሪ አስረድቻለሁ። ላቤ ጠብ እስኪል ያስረዳሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም አሰበ ተፈሪ ከተማ ውስጥ፣ ቁልቁል ተዘቅዝቄ።

እዚያ የስዕል መምህር ነበርኩ። ጅጅጋ በሶማሌ ጦር ከተያዘች ወዲህ ከተማችን በሙሉ ሰርጎ ገብ ፈላጊ ሆኗል። እኔ ቂሉ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት አንድ የተቀዳደደ መጽሐፍ ልቤን ወስዶታል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ፓሪስ ስለነበሩ ሁለት ወጣት ሰዓሊዎች ያወራል፤ አንዱ ስፔናዊ፣ ሌላው ፈረንሳዊ። ዕቃን ከአንድ በኩል ብቻ አይስሉትም። ጊታሩን ከፊትም ከጎንም ከላይም አይተው፣ ቆራርጠው፣ ያዩትን ሁሉ በአንድ ሸራ ላይ ይገጣጥሙታል። ቀለማቸው ቡናማና ግራጫ ነው። ሥራቸው ከመመሳሰሉ የተነሳ የማን የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ኋላ ሌላ ስፔናዊ መጥቶ ደማቅ ቀለም ጨመረበት። ከአፍሪካ ጭምብሎችም ተምረዋል ይላል መጽሐፉ። እዚያ ላይ ስደርስ ጭምብሉን እኔው የጠረብኩት ይመስል ደረቴ ይነፋ ነበር።

ጎረቤቴ ጫት ነጋዴ ነበሩ። የሰው መልክ መሳል በሃይማኖታችን አይፈቀድም ብለው ፎቶ እንኳ ተነስተው አያውቁም። መጽሐፉን ሳሳያቸው ግን ሳቁ።

«ወላሂ፣ ይሄማ ማንንም አይመስልም። እንዲህ ከሆነ ሳለኝ።»

ሱቃቸው በራፍ ላይ ተቀምጠው ሳልኳቸው። አፍንጫቸውን ከጎን፣ ዓይናቸውን ከፊት፣ ከትከሻቸው በላይ ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹንና ነዳጅ ማደያውን። እየተነሱ ያዩና ያዝዙኛል፤ «ጫት የማመጣበትን የመቻራን መንገድም አግባው እንጂ» አሉ። አገባሁት። የወለዷቸው እናታቸው እንኳ የማይለዩአቸው ዓይነት ስዕል ሆነ፤ ሁለታችንም ደስ አለን።

አሰሳ ሲደረግ ሥዕሉ ከአልጋዬ ሥር ተገኘ። ጣሪያ፣ ማደያ፣ መንገድ። የከተማው ካርታ ነው ተባለና ታሰርኩ። እጅና እግሬን አስረው፣ በጉልበቴ ሥር ዱላ አሳልፈው ሰቀሉኝ። መርማሪው ሥዕሉን አፍንጫዬ ሥር ያዘው።

«ይሄ አራት ማዕዘን ምንድን ነው? መጋዘን ነው?»

«ጉንጭ ነው፣ ጌታዬ።»

አለንጋው የውስጥ እግሬ ላይ አረፈ። ጉንጩ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሥዕሉ ማንንም ስለማይመስል ጎረቤቴን ሊያውቃቸው አልቻለም። እኔ ስማቸውን ከጠራሁ እንደሚገድሏቸው ደግሞ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ስለዚህ ኪዩቢዝምን ማስተማር ጀመርኩ። ሰውን ከሁሉም በኩል ማየት ነው፣ ሰውየው ማንም አይደለም፣ የፈጠራ ሥራ ነው እያልኩ ለፈለፍኩ። ስፔናዊው እንዲህ አደረገ፣ ፈረንሳዊው እንዲህ አደረገ።

«ስፔናዊው የት ነው የሚያገኝህ?» አለኝ።

የምሩን ነበር። ሳቄ መጣ፤ ግን የወጣው ጩኸት ነው። የእግሬ ቆዳ ተገሽልጦ ደሙ በባቴ ቁልቁል ወደ ጉልበቴ ይወርዳል። ስንት ጊዜ ራሴን እንደሳትኩ አላውቅም። ሁለተኛው ቀን ላይ ውሃ ደፍተው ሲያነቁኝ፣ አዎ ካርታ ነው አልኩ። መንገዱን አስገባ ያሉኝም ጎረቤቴ ናቸው ብዬ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራሁ። ግርፋቱ ወዲያው ቆመ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የተሰማኝ እፎይታ ነው።

ጎረቤቴን አመጧቸው። ገና ምንም ሳይጠይቋቸው አንዱ ወታደር በሰደፍ አፋቸውን መታቸው፤ ጥርሳቸው ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ከወደቁም በኋላ መምታቱን አልተወም። ማን እንዳስያዛቸው የነገራቸው የለም። ደም የሞላ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «አንተንም እንዲህ አደረጉህ?» አሉኝ። አዘኑልኝ፣ ለእኔ። በማግስቱ በመኪና ወስደው ገደሏቸው።

እኔ ግን እውነቱን ተናግሯል ተብዬ ከሁለት ወር በኋላ ተፈታሁ። መቆም አልችልም ነበር። ሚስታቸው ለቁስሌ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡና እግሬን አይተው አለቀሱ።

«መምህር፣ ማን እንደጠቆመባቸው እዚያ ሆነህ አልሰማህም?» አሉኝ።

«አልሰማሁም» አልኳቸው። ቅቤውንም ተቀበልኩ።