ሳይዘጋ የሚያድር መጋረጃ

ኖሊን መጋረጃ እየቀመቀመች ነበር። በዌሊንግተን ከተማ የነበረው ቤቷ መስኮቶች ረጃጅም ስለነበሩ፣ እዚህ ሲሰቀል ጨርቁ መሬት ይጠርጋል። የስፌት መኪናዋን ከቤት ዕቃው ጋር ሸጣዋለችና በእጇ ነው የምትሰፋው። መርፌው አውራ ጣቷን ወጋት። ደሙን አየችው እንጂ ሕመሙ አልተሰማትም። በጨርቁ ጫፍ ጠረገችውና ቀጠለች።

ቶሮዋ ቤይ ጡረተኞች የሚኖሩበት የባሕር ዳር መንደር ነው። ቤቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ደረጃ የላቸውም፤ በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። መንደሩን የመረጠው ባሏ ክላይቭ ነበር። በዕድሜው አንድ አሳ ሳያጠምድ «ጠዋት ጠዋት አሳ አመጣለሁ፤ አንቺ ትጠብሻለሽ» ይላት ነበር። የከተማው ቤት ተሸጦ፣ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ፣ ሊዛወሩ ጥቂት ሲቀራቸው እሱ ሞተ። ከዚያማ የምትመለስበት ቤት የለም። ልጇ ግራንት መኪና ይዞ መጣ፤ እሷም ገብታ ተቀመጠች። አመጣጧ ይኸው ነው።

አላለቀሰችም። ሰው ሲያናግራት ትመልሳለች፤ ምግብ ሲቀርብላት ትጎርሳለች። ልቧን ግን ሰው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የሆነ ቦታ ያስቀመጠባት ይመስል ነበር።

ጎረቤቷ ቫልማይ ሳታንኳኳ ገባችና መጋረጃውን አየችው።

«ኧረ ተይ! ይህን ያህል አታሳጥሪው፤ እንደ አጭር ቀሚስ ጉልበቱ ሊታይ ነው!»

«የመስኮቱ ልክ ነው» አለች ኖሊን።

«ነገሩን የነገረሽ ሰው የለም ማለት ነው። እዚህ የወጥ ቤት መጋረጃ ለፀሐይ አይደለም፣ ለእኛ ነው። ማታ ትዘጊዋለሽ፤ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ትገልጪዋለሽ። ያንቺን የሚያየው ከመንገዱ ማዶ ያለው ሬይ ነው። ካልተገለጠ መጥቶ ያንኳኳል።»

«መተኛት ብፈልግስ?»

«ግለጪና ተመልሰሽ ተኚ፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። የሬይ ማንኳኳት ደግሞ በር ይነቅላል። አንድ ቀን በፎጣ አስወጥቶኛል፤ እሱ ነው የደነገጠው!»

ቫልማይ ሳቀች። ኖሊንም እዚህ ጋ እንደሚሳቅ አውቃ ፈገግ አለች።

«ብቻ እንደ ሟቹ ጎረቤታችን እንደ መርቭ እንዳትሆኚ» አለች ቫልማይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ላለማስቸገር ብሎ ማታም አይዘጋውም ነበር። እኛ ክፍት ነው፣ ደህና ነው እያልን እናልፋለን። ለካ ሰውዬው ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ኖሯል።»

ኖሊን መጋረጃውን ሰቀለችው፤ ሲመሽ ግን አልዘጋችውም። ተንኮል አስባ አይደለም። ክንዷን ዘርግታ መሳብ ከባድ ሥራ ሆነባት። ሰው ባያንኳኳ ደግሞ ይሻላል አለች። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ ከዚያም ልማድ ሆነ። መንገደኛው ወደ ተገለጠው መስኮት እጁን እያውለበለበ ያልፋል፤ እሷ መኝታ ቤት ውስጥ እስከ ቀትር ጣሪያ ታያለች። እዚያው ብትቀር ማንም እንደማያውቅ ታውቅ ነበር። አላስፈራትም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሬይ መጣ። ዕድሜውን በአሳ ጀልባ ላይ የጨረሰ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። በር የሚነቅለው ሰውዬ ቀስ ብሎ ነው ያንኳኳው።

«መስኮትሽ ተገልጦ ነው የሚያድረው» አላት።

«ረስቼው ነው።»

«በየቀኑ?»

በሩን ክፍት ትታለት ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ተከተላት።

«አንቺ ሴት፣ እየዋሸሽኝ ነው። እኔ ፊቴን ሳልታጠብ የማየው ያንቺን መስኮት ነው። ደህና ናት ብዬ ነው ሻይ የምጥደው።»

«ሬይ፣ በሦስተኛው ቀን ብታገኘኝም ግድ የለኝም።»

«አንቺማ ምን ቸገረሽ? አንቺ ሞተሻል! የማገኝሽ እኮ እኔ ነኝ!»

ድምፁ ሲጮኽ ራሱም ደነገጠ። ሳትጋብዘው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መርቭን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እዚሁ፣ ማቀዝቀዣሽ ያለበት ጋ። ቤቱ የእሱ እንደነበር ቫልማይ አልነገረችሽም አይደል? ለልጆቹ አበባ ተላከ፣ ካርድ ተጻፈ። እኔን ግን ምን አየህ ያለኝ ሰው የለም። ይሄው እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ጫማው ነው የሚታየኝ።»

ኖሊን ማቀዝቀዣውን አየችው። ሬይ «ባልሽንስ ማን አገኘው?» አለ።

እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ሐኪሙ ሰዓቱን ጠይቋታል፤ ግራንት የመኪናውን ቁልፍ ጠይቋታል።

«እኔ» አለች።

«የት?»

«ጋራዥ ውስጥ። ካርቶን ሊጭን ሄዶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። እኔ የተኛ መሰለኝ። ሥራውን ሁሉ ለእኔ ጥሎ ተኛ ብዬ ተናደድኩ። ‹ተነሳ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!› ብዬ ትከሻውን መታሁት። በኃይል ነው የመታሁት፣ ሬይ።»

የሰው ታሪክ እንደምታወራ ነበር የተናገረችው። እንባ አልመጣም። ሬይም አላባበላትም።

«ቀዝቅዞ ነበር?»

«እጁ ብቻ።»

«መርቭንም መጀመሪያ የነካሁት እጁን ነው» አለ።

እስኪመሻሽ ድረስ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ። ሬይ ተነሥቶ ሲሄድ ኖሊን መጋረጃውን ሳበችው። ልቧ ቀልሎላት አይደለም፤ ዛሬም ቀልሎላት እንደሆነ አላውቅም። ግን ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ሁለተኛ ሬሳ አግኝ ማለት አልሆነላትም።

ይህን ለምታነብቡ አንድ ልመና አለኝ። ለቅሶ ስትደርሱ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እግዜር ያጽናችሁ ብላችሁ ስታበቁ፣ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ያገኘው ማን እንደሆነ ጠይቁልኝ። ፈልጉትና አጠገቡ ተቀመጡ። አይዞህ ለማለት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ምን አየህ በሉት።