ሐጂ ዝናብ የለመኑበት ክረምት

በደርግ ጊዜ የድሬዳዋ መብራት ከናፍጣ ጄኔሬተር ነበር፤ የማንቀሳቅሰውም እኔ ነበርኩ። ከሩቁ የቆቃ ግድብ የመብራት መስመር ተስቦ ሲደርሰን ጄኔሬተሬ ሥራ ፈታ። የሚነሣው ግድቡ ውሃ ሲያንሰው ብቻ ሆነ።

መጋላ ሰፈር ቀዝቃዛ ለስላሳ ለሚሸጡት ሐጂ፣ «ከእንግዲህ ፍሪጅዎ የሚሠራው በዝናብ ነው» አልኳቸው። ጎርፍ በየክረምቱ ሱቃቸው እየገባ ስላስመረራቸው ዝናብ የሚባል አይወዱም ነበር።

በማግስቱ ሰማዩ ሲጠቁር ሣጥኖቻቸውን መደርደሪያ ላይ እየሰቀሉ፣ «ያ ረቢ፣ ቆቃ ላይ አብዝተህ አውርደው፤ እዚህ ግን አደራህን» ሲሉ ደረስኩና ሳቅሁ።

«ሳቅ» አሉኝ፤ «ብቻ ሞተርህ እንዲነሣ ብለህ ድርቅ እንዳትለምንብን።»

ጠዋት ጠዋት የቆመውን ሞተር በጨርቅ ስወለውል የምመኘውን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።